የጭቃው ዓይን

በልጅነቴ እናቴን የሚመታት ጭቃ ነበር። የነገረችኝ ራሷ ስለሆነች ለመጠራጠር ምክንያት አልነበረኝም።

ጭቃውን ወደ ቤታችን ያመጣችው የእናቴ ታናሽ እህት ናት። አክስቴ ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረች፤ ማደሪያ ስላልደረሳት እኛ ጋ ትኖር ነበር። አንድ ቅዳሜ ከከተማው ዳር ካለው ረግረግ ጋሪ አስጭና መጣች። በጋሪው ላይ ባዶ የቀለም ባልዲዎች ተደርድረዋል፤ በባልዲዎቹ ውስጥ እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጭቃ አለ። ጋሪ ነጂው አፍንጫውን በክንዱ ሸፍኖ፣

«እህቴ፣ ሰው አፈር የሚያሸክመው አበባ ሊተክልበት ነው። አንቺ ምን ልታበቅዪበት ነው?» አላት።

«መብራት።»

ጋሪ ነጂው ዘወር ብሎ እናቴን አያት፤ «ጤነኛ ናት?» ብሎ እንደመጠየቅ። እናቴ አፏን ከፍታ ሳቀች። ያን ጊዜ ገና ጥርሷ ሙሉ ነበር።

አባቴ በያጅ ነው። ቤታችን ከፊት የእሱ መሥሪያ፣ ከመሀል እኛ የምንኖርባቸው ሁለት ክፍሎች፣ ከኋላ ጓሮ ነበረው። በርና መስኮት ይሠራል፤ ቱቦላሬ ብረት ይቆርጣል፤ ላሜራ ይለጥፋል። ከትምህርት ቤት ስመለስ የተገለበጠ በርሜል ላይ ያስቀምጠኝና ፊቴን ወደ ግድግዳው ያዞረዋል። «ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ረዳቴ» ይላል፤ ጭንብሉን በአገጩ መትቶ ያወርዳል፤ ከዚያ ያ ሰማያዊ ብርሃን ይፈነዳል። በተጨፈኑት ዓይኖቼ ቆዳ በኩል እንኳ ይታየኝ ነበር። ሲጨርስ የጋለውን ብረት ውኃ ውስጥ ይነክረዋል፤ ብረቱ ጭስስ ይላል፤ እኔም ዓይኔን እገልጣለሁ። አባቴ አጠገብ ዓይን መጨፈንን የተማርኩት በፍቅር ነው።

አክስቴ ባልዲዎቹን በጓሮው ግድግዳ ሥር ደረደረቻቸው። ጭቃውን ገልብጣ በእያንዳንዱ ባልዲ ውስጥ ከታች ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ጥቁር የከሰል ጨርቅ አነጠፈች፤ በላዩ ጭቃውን መልሳ ሞላች፤ ከጭቃው ላይ ደግሞ ሌላ ጨርቅ አለበሰች። ከዚያ ባልዲን ከባልዲ በሽቦ አያይዛ፣ የመጨረሻውን ሽቦ የምስር ፍሬ ከምታህል አምፖል ጋር አገናኘችው። የሩዝ እጣቢና የበሰበሰ ሙዝ በጥብጣ ታጠጣቸዋለች። አምፖሏ ግን ወይ ፍንክች። አባቴ እጁን ሊታጠብ ወደ ጓሮ በመጣ ቁጥር ይተርባታል።

«እህስ፣ የጭቃ ዶክተር! ማሳሽ አላፈራም?»

«ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሱ። ገና እየለመዱ ነው።»

«እነማን?»

«ውስጥ ያሉት።»

እኔ ይህን ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ። በማግስቱ ቀሚሷን ይዤ ጠየቅኋት።

«ውስጥ ያሉት እነማን ናቸው?»

«በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት። የበሰበሰ ነገር ይበላሉ። ሲበሉ ታዲያ ኤሌክትሪክ ይተርፋቸዋል። ያቺን ትራፊ ነው በሽቦ የምንለቅመው።»

«ብዙ ናቸው?»

«ዓለም ላይ ካለው ሰው ሁሉ ይበልጣሉ።»

«አንዱ ባልዲ ውስጥ?»

«አንድ ማንኪያ ውስጥ» አለችኝ። «ግን እንዳትነኪያቸው፣ እሺ? ከታች ያሉት አየር አይወዱም። ጭቃውን ያማሰልሽው ቀን መብራቷ ድርግም ትላለች።»

በእኔ ዕድሜ «እንዳትነኪ» የሚባል ነገር ወይ ያቃጥላል ወይ ይናከሳል። የጋለ ብረት እንዳትነኪ። የጎረቤታችንን የልብስ ሰፊዋን ውሻ እንዳትነኪ። ጭቃው ከሁለቱ የቱ እንደሆነ አልገባኝም እንጂ ከሁለቱ አንዱ እንደሆነ አውቄአለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ አምፖሏ ብልጭ አለች። ከዚያ ጠፋች። ትንሽ ቆይታ እንደገና ብልጭ። ከሽቦዎቹ መሀል ኤሌክትሪኩን ጠብታ በጠብታ የምታጠራቅም አንዲት ቁራጭ ዕቃ ነበረች፤ ስትሞላ በአንድ ጊዜ ትለቀዋለች፤ ከዚያ እንደገና ከዜሮ ትጀምራለች። አክስቴ ጮኻ እናቴን አቀፈቻት። አባቴም መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየ።

«ይቺ ናት መብራቷ? ትንኝ ብታስነጥስባት እኮ ትጠፋለች!»

ሁሉም ሳቁ፤ አክስቴም ጭምር። እኔ አልሳቅሁም። እኔ ያየሁት መብራት ሳይሆን ዓይን ነበር። ይጨፈናል፤ ይገለጣል፤ ያየኛል።

በዚያ ሰሞን መብራት መሄድ ጀመረ። የእኛ ሰፈር ብቻ ሳይሆን ከተማው ሁሉ። ምሽት ላይ ፍሪጁ ይንዘፈዘፍና ዝም ይላል፤ ከፊት ለፊት የአባቴ የብረት መፍጫ እየጮኸ ሳለ ድምፁ ቀስ በቀስ ይሰምጣል፤ ከዚያ መዶሻ ሲወረወር ይሰማል። አክስቴ ወዲያው ትከሻዬን ትይዘኛለች።

«ሮጠሽ ጓሮ ሂጂና አምፖሏን እይልኝ። ስንቴ ብልጭ እንዳለች ቁጠሪ። እስክጠራሽ እንዳትመጪ፤ ለጥናቴ በጣም ያስፈልገኛል።»

እኔም ከባልዲዎቹ ፊት ቁጢጥ ብዬ እቆጥራለሁ። ብልጭ። ከቤት ውስጥ ወንበር ይወድቃል። ብልጭ። ሳህን ይሰበራል። ብልጭ። አንድ ለስላሳ ነገር ግድግዳ ይመታል፤ እንደ እርጥብ ፎጣ። ከዚያ የአክስቴ ድምፅ፣ «ጋሼ! ጋሼ፣ ይበቃል!» ከዚያ ሁሉም ጸጥ ይላል፤ ብልጭታውም ያለ ድምፅ ይቀጥላል።

መጀመሪያ የእናቴ ከንፈር አበጠ። ጠዋት ፀጉሬን ስታበጥረኝ፣

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«ጓሮ ስወጣ ጭቃው ጣለኝ፣ እናቴ።»

በሚቀጥለው ዓይኗ ዙሪያ ጠቆረ፤ አሁንም ጭቃው። ከዚያ አንድ ጠዋት ስነሳ መታጠቢያው ላይ አጎንብሳ አገኘኋት። ደም ተፋች፤ ደሙ ውስጥ አንድ ነገር ኳ ብሎ ሳፋውን መታ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ጥርስ ነው፤ ከነሥሩ፤ ሥሩ ሁለት እግር አለው። እናቴ ሳፋውን በፎጣ ሸፈነችው።

«ጭቃው ነው» አለችኝ አፏን ይዛ። «ጭቃው ነው፤ ሂጂ ልበሺ።»

እኔ ሞኝ ልጅ አልነበርኩም። ነገሩን በራሴ መንገድ አጥንቼዋለሁ። መብራት ሲሄድ የጭቃው ዓይን ይበረታል። ዓይኑ በበረታበት ምሽት እናቴ ትመታለች። መብራት ባልሄደበት ቀን አትመታም። ውስጥ ያሉት ደግሞ በዓይን አይታዩም ተብሏል። ስለዚህ ዓይኑ እኔን ጓሮ ላይ ይዞ ሲያቆየኝ፣ ሌሎቹ ከባልዲው ወጥተው፣ በጎኔ አልፈው ቤት ይገባሉ። አባቴና አክስቴ ሊያስጥሏት ይታገላሉ፤ ግን ከዓለም ሕዝብ የሚበልጥን ጠላት ማን ይችለዋል?

ዛሬ ሳስበው ነገሩ ቀላል ነው። መብራት ሲሄድ የአባቴ ማሽን ይቆማል። በሩ ዛሬ ይደርሳል የተባለ ደንበኛ መጥቶ በሰው ፊት ያዋርደዋል። እሱም የተዋረደውን ያህል ተሸክሞ ወደ መሀል ቤት ይገባል። አክስቴ ለጥናቷ የእኔ ቆጠራ አላስፈለጋትም። የብልጭታውን ቁጥር አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም፤ ይህን ያስተዋልኩት ካደግሁ በኋላ ነው።

አንድ እሑድ መብራት በቀን ሄደ። አክስቴ ቤተ መጻሕፍት ነበረች። የሚልከኝ ሰው ባይኖርም እንደለመድኩት ራሴ ወደ ጓሮ ወጥቼ ባልዲዎቹ ፊት ተቀመጥኩ። የጓሮው በር በኃይል ተከፈተና እናቴ በባዶ እግሯ ሮጣ ወጣች። ከኋላዋ አባቴ። በእጁ ብረት አየሁ፤ አባቴ ብረት ሲይዝ ደግሞ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ እናቴ ጮኸች፤ የሰው ጩኸት አይመስልም ነበር።

ዓይኔን ስገልጥ እናቴ ከባልዲዎቹ ሥር ወድቃለች። ጉንጯ ከባልዲው በፈሰሰው ጭቃ ውስጥ ገብቷል፤ ክንዷ ክንድ ወደማይታጠፍበት አቅጣጫ ታጥፏል። አባቴ ከበላይዋ ቆሞ ያለከልካል። «ተነሺ» ይላታል። «ተነሺ ብዬሻለሁ!» አምፖሏ ከጭንቅላቷ አጠገብ ብልጭ ትላለች።

ሊያነሳት የመጣ መሰለኝ።

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን በግድግዳው ላይ ብቅ አለች፤ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ። «በሕግ አምላክ! ኧረ በሕግ አምላክ፣ ሰው ገደልክ!» አለች። ከወዲያ በኩል ባሏ፣ «ውረጂ አንቺ ሴትዮ! በባልና በሚስት መሀል ምን አገባሽ?» ሲል ተሰማ። ልብስ ሰፊዋ ቀስ ብላ እንደ ጀንበር ጠለቀች።

እናቴ ክንዷ በጄሶ ታሽጎ ስትመለስ አክስቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ።

«እትዬ፣ አንድ ቀን ወድቀሽ ትቀሪያለሽ። ምን እስክትሆኚ ነው የምትጠብቂው?»

«ልጅ አለችኝ።»

«ልጅቷስ ብትሆን የምታየውን እያየች…»

«ምንም አላየችም። ጭቃው ነው ብያታለሁ፤ አምናኛለች። አባቷን እንደ ነፍሷ ነው የምትወደው፤ ይሄን ልቀማት?»

ከዚህ ሁሉ የወሰድኩት ሁለት ነገር ነው፤ እናቴ ወድቃ ልትቀር ነው፤ የሚጥላት ደግሞ ጭቃው ነው። ሰው ሁሉ ያውቃል ማለት ነው። አውቆ ደግሞ ይቀመጣል። ከዚያ ጭቃ የሚበረታ የማውቀው ሰው አንድ ብቻ ነበር።

አባቴን መሥሪያው ውስጥ ብረት ሲሞርድ አገኘሁት።

«አባዬ፣ ጭቃውን ግደልልኝ።»

«የምን ጭቃ?»

«የአክስቴን። እማዬን የሚመታት እሱ ነው። ጥርሷን የሰበረው እሱ ነው። እጇንም እሱ ነው።»

ሞረዱ ቆመ። «ማን ነው እንደዚያ ያለሽ?»

«እማዬ።»

«እናትሽ ራሷ? ጭቃው መታኝ አለችሽ?»

«አዎ። ሁልጊዜ።»

ረጅም ጊዜ አየኝ። በዚያች ቅጽበት አባቴ አፍሮ ነበር ብዬ ብናገር ደስ ይለኛል። ፊቱን ግን ደጋግሜ አስታውሼዋለሁ። ያየሁት ኀፍረት አልነበረም፤ ሸክም እንደወረደለት ሰው እፎይታ ነው።

«መዶሻውን አምጪልኝ፣ ረዳቴ» አለኝ። «ትልቁን።»

ትልቁን በሁለት እጄ እየጎተትኩ አመጣሁለት። ጓሮ ወጣን። በመጀመሪያው ምት ባልዲው ለሁለት ተከፈለ፤ ጥቁሩ ጭቃ እንደ ሆድ ዕቃ ተዘረገፈ፤ ሽታው ግቢውን ሞላው። ሁለተኛውን መታ። ሦስተኛውን። ጭቃው ፊቱ ላይ ይረጫል፤ እሱ ይስቃል፤ እኔም እዘላለሁ።

«በለው፣ አባዬ! በለው!»

አክስቴ ከቤት ወጥታ መጣች። «ጋሼ! ኧረ የዓመት ልፋቴ ነው! ጋሼ፣ በፈጠረዎት!»

«ዞር በይ፣ የጭቃ ዶክተር!»

አልዞረችም። በመጨረሻው ባልዲ ላይ ተደፋችበት፤ በሁለት እጇ አፉን ጨበጠችው። መዶሻው ወረደ። ሁለት ጣቶቿ ከባልዲው ጠርዝ ጋር ተጨፈለቁ። አክስቴ አልጮኸችም፤ አየር ብቻ ሳበች፤ ስባም መመለስ አቃታት።

እኔ ግን አጨበጨብኩ። ጣቷን አላየሁም፤ ያየሁት ባልዲው ሲሰበር ነው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ እንደነበር ያወቅሁትም ዞር ስል ነው፤ ክንዷ በጄሶ፣ ጉንጯ ገና እንዳበጠ።

«እማዬ!» ብዬ ጮኽኩ። «አባዬ ገደለልሽ! ከእንግዲህ አይመታሽም!»

እናቴ አባቴን አላየችም። እኅቷንም አላየችም። እኔን ነው ያየችው፤ ጭብጨባ ላይ ያሉ እጆቼን። እንደዚያ ሆና አይታኝ አታውቅም፤ ከዚያ በኋላም አላየችኝም።

አባቴ መዶሻውን እንደገና አነሳ፤ አክስቴ ገና ባልዲው ላይ ነበረች። እናቴ ግድግዳውን ከተደገፉት ቁርጥራጭ ቱቦላሬዎች አንዱን በደህና እጇ አንስታ ክርኑ ላይ አሳረፈችበት። ድምፁን አውቄዋለሁ፤ የእሑዱ ድምፅ ነው። መዶሻው ወደቀ። ቀጥላ ጉልበቱን አለችው። አባቴ «እጄን! እጄን!» እያለ ጭቃው ላይ ተዘረረ። ሦስተኛ ልትደግመው አንስታ ነበር። ከዚያ እንደገና አየችኝና ብረቱን ጣለችው። ጸጉሯ፣ ፊቷ፣ ነጩ ጄሶ ሁሉ ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

ያኔ ገባኝ። ጭቃው አልሞተም። እናቴ ውስጥ ገብቷል።

በአንድ እጇ አንስታ ይዛኝ ወጣች። እኔ ጉንጯን እየቧጨርኩ፣ «አባዬ! አባዬ፣ አድነኝ!» እያልኩ መንገዱን በጩኸት ሞላሁት። አክስቴ ጣቶቿን በሻሿ ጠቅልላ፣ በግራ እጇ ከመሬቱ ጭቃ እየዛቀች ድስት ሞላች፤ አምፖሏንም ከነሽቦዋና ከነጨርቁ በላዩ ጨምራ ተከተለችን። ልብስ ሰፊዋ በሯን ከፍታ ቆማ ነበር። ባሏ አንድ ነገር ሊናገር ሲል መቀሷን ወደ እሱ አዙራ፣ «አንተ ዛሬ ትንፍሽ ትልና!» አለችው። ከዚያ ለእናቴ የራሷን ጫማ አውልቃ ሰጠቻት፤ ባዶ እግሯን ነበረችና።

ለዓመታት ከቤታችን የወጣነው ጭቃው እናቴን ስላሳበዳት ይመስለኝ ነበር። ሃያ ዓመት ሲሞላኝ ጠየቅኋት። «የእህቴ ጣት ነው እንዳልልሽ፣ ያንን እንኳ እችለው ነበር» አለችኝ። «ያስነሳኝ ጭብጨባሽ ነው።»

የተከራየነው አንድ ክፍል ነበር። አንድ አልጋ፣ አንድ መስኮት፤ መስኮቱ ሥር ያ ድስት። አክስቴ በደህና እጇ ከታች ጨርቅ፣ ከላይ ጨርቅ አድርጋ እንደገና ሠራችው፤ አንድ ድስት ብቻውን ስለማይበቃ ጭቃውን ለብዙ ጣሳ አካፈለችው። የተጨፈለቁት ሁለት ጣቶቿ ከዚያ ወዲያ አልታጠፉም፤ ዛሬም ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ጠመኔውን በሦስት ጣት ነው የምትይዘው።

እኔ እናቴ እንድትነካኝ አልፈቅድም ነበር። ልታጥበኝ ስትል እሸሻለሁ። አልጋው ላይ በግድግዳው በኩል፣ አክስቴን በመሀላችን አድርጌ እተኛለሁ። እናቴ ምግቤን አስቀምጣልኝ ራቅ ብላ ትቀመጣለች፤ ሰው ያልለመደች ድመት እንደምትመግብ። ጣሳዎቹም ዝም እንዳሉ ናቸው።

«ለምን አያበሩም?» ትላታለች እናቴ።

«ተረብሸዋል፣ እትዬ። እስኪረጋጉ ነው።»

ከዚያ አንድ ምሽት አምፖሏ ብልጭ አለች። አክስቴ በደስታ ልትጮኽ አፏን ከፍታ፣ እኔን አይታ ዘጋችው። እኔ አልጋ ሥር ገብቼ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ መብራት ሄደ። ክፍሉ ጨለመ፤ መንገዱም። ሁሉም ነገር እንደዚያው ሆነ፤ ጨለማው፣ ዓይኑ፣ እናቴ። ጥርሴን ነክሼ፣ ጆሮዬን ይዤ ጠበቅሁ። ብልጭ። ወንበሩ አልወደቀም። ብልጭ። ሳህን አልተሰበረም። ብልጭ። ከጎረቤት አንድ ሰው፣ «ኧረ ሻማ ያላችሁ!» ብሎ ሲስቅ ሰማሁ። ሌላ ምንም የለም። እጆቼን ከጆሮዬ ላይ አነሳሁ። እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ የሚሰማኝ ትንፋሿ ብቻ ነበር።

ከአልጋው ሥር ሆኜ፣ «እማዬ፣ አልመታሽም?» አልኳት።

በጨለማው እየዳኸች መጣችና እጇን ወደ አልጋው ሥር ዘረጋች። ልትጎትተኝ አልሞከረችም፤ መዳፏን ዘርግታ ጠበቀች። ብልጭታው ሲመጣ መዳፏን አየሁት፤ ንጹሕ ነበር። ያዝኩት።

ወደ መስኮቱ ወሰደችኝ። ከትልቁ ጣሳ ላይ ያለውን ጨርቅ አንስታ፣ እጄን በእጇ ይዛ ጭቃው ውስጥ አስገባችው፤ እስከ አንጓችን። «እንዳትነኪ» የተባለው ነገር ቀዝቃዛ ነበር። ለስላሳም። በጣቶቼ መሀል ገብቶ ዝም አለ።

«መታሽ?» አለችኝ።

«አልመታኝም።»

«እኔንም መትቶኝ አያውቅም።»

ጭቃው ውስጥ ጣቶቼን አጥብቃ ያዘች። ድምጿ ቀጭን ነበር፤ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«አባትሽ ነው፣ ልጄ። ሁልጊዜም አባትሽ ነበር።»

እጃችንን ስናወጣ አምፖሏ ሳትመለስ ቀረች። አማስለነዋል። ወደ አክስቴ ዞርኩ፤ ትቆጣኛለች ብዬ።

«ግድ የለም» አለች ከአልጋው ላይ። «ጊዜ ስጧቸው፤ ይመለሳሉ።»

እናቴ የእኔን እጅ በቀሚሷ ጠረገች፤ ከዚያ የራሷን። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ያን ምሽት መብራት አልመጣም፤ ሦስታችንም በድቅድቅ ጨለማ ቆየን። ማንም ማንንም አልመታም።